መርዶ ከዘውድ በኋላ

ሰኞ፣ ጥቅምት 24። ከምሽቱ 3 ሰዓት። ላንድማርክ፣ ቤቴ።

እግሬ አብጧል። ከጠዋት እስከ ምሳ ቆሜ ሂውማን ሄር ስሰፋ፣ ከምሳ በኋላም ቆሜ ስሰፋ ዋልኩ። ሕሊና ወንበሩ ላይ፣ እኔ ከኋላዋ፣ መርፌና ክር። የራሷ ፀጉር ወገቧን ሊነካ ምንም አልቀረው። እሱን ጥፍንግ አድርጌ ሹሩባ ሠራሁና በላዩ የህንድ ሴት ፀጉር ሰፋሁበት። የቁንጅና ውድድሩ ፖስተር ላይ ምን ይላል? «ተፈጥሯዊ ውበት።» ወይ ተፈጥሮ! የጻፈችው እትዬ ትርሲት ናት። የሳሎኑ ባለቤት፣ የውድድሩ አዘጋጅ፣ የኔም አለቃ።

ውድድሩ የሀበሻ ቆነጃጅት ነው፤ ስፖንሰሩ ግን የቼናይ ፀጉር ነጋዴ። ያሸነፈችው ህንድ ትሄዳለች። ኩባንያው እዚያ በየዓመቱ ትልቅ የቁንጅና ውድድር አለው፤ ፀጉር ከሚሸጥበት አገር ሁሉ አንዳንድ ቆንጆ ይሰበስባል። ሕሊና እንደምታሸንፍ ከወዲሁ ሁሉም ያውቃል። ፊቷ በሲልቨር ስፕሪንግ ሱቆች መስኮት ሁሉ ተለጥፏል። እሷ ግን ዘውዱ ግድም አይሰጣት። ህንድ ስሄድ በአዲስ አበባ ነው የማልፈው አለችኝ፤ ይህን ስትል ዞር ብላ መርፌው ሊወጋት ነበር። አባቷን ልታይ ነው። ደብረ ብርሃን። ዲቪ ደርሷት አሜሪካ ከመጣች ወዲህ አላየችውም። እናቷ በልጅነቷ ሞታለች፤ ያሳደጋት እሱ ነው። ለት/ቤት ፀጉሯን የሚያበጥርላትም እሱ ነበር፣ ጎረቤት እየሳቀበት። እኔም ሳቅኩ።

እሷ እንደወጣች ትርሲት ወደ ጓዳ ጠራችኝ፣ ድምፅ እንዳይሰማ ፎጣ ማጠቢያው ማሽን ጋ። አባትየው ሞቷል። ሐሙስ ዕለት። ተቀብሯልም። ውድብሪጅ አብራት የምትኖረው አክስቷ፣ ወ/ሮ አስካለ፣ ሰምታለች። መርዶው ከውድድሩ በኋላ እንዲነገራት ተወስኗል። ማን ወሰነ? ተወስኗል፣ በቃ። አሁን ከሰማች ፀጉሯን ትቆርጣለች፣ ጥቁር ትለብሳለች፣ መድረክ አትወጣም። ከፀጉር ነጋዴው ጋር የፈረመችው ውል ደግሞ ፀጉር አይነካም ይላል። ስለዚህ ከዘውዱ በኋላ። «ዝም አይነቅዝም፣ ገኒ» አለችኝ።

እሺ አልኩ። እሺ! ምላሴ ይቆረጥ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26። ጠዋት፣ ባቡር ውስጥ።

ጽሑፌ ይንቀጠቀጣል፣ ባቡሩ ነው። እኔም ነኝ።

መርዶ መደበቅን እኔ አልጠላም። የኔም እናት ስትሞት ደብቀውኛል። ሥራ ላይ እንዳልሰማው፣ ስልክ ይዤ መንገድ ላይ እንዳልወድቅ ብለው። ከዚያ ገና ሳይነጋ የላንድማርክ ቤቴን በር አንኳኩ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከፊት ሽማግሌ። ስወድቅ የያዘኝ ሰው ነበር። ደግ ልማድ ነው። የሚደበቀው ለሟች ልጅ ተብሎ ነው እንጂ ለፀጉር ሻጭ አይደለም። ልማዳችንን ወስደው የማስታወቂያ ሠራተኛ አደረጉት!

አስካለን ኮል አደረግኳት። አለቀሰች። ለእሷ ብለን ነው አለች፤ ዕድሏ እንዳይበላሽ፣ ስንት የደከመችበት። ትርሲትም ለእሷ ብለን ነው የምትለው። ሁሉም ለእሷ። ለእሷ ከሆነ ለምን እሷ ብቻ አታውቅም? ይህን ስጠይቃት ስልኩን ዘጋችው። ኔትወርክ ነው ትለኛለች ኋላ።

ወረድኩ።

እሑድ፣ ጥቅምት 30። ከሰዓት በኋላ።

ከቤ/ክ መጣሁ። ቆርበው በሚመለሱ ሰዎች ፊት ሰው መሳደብ ነውር ባይሆን ኖሮ።

ሁሉም ያውቃል። የአደባባይ ምስጢር ነው። እድሩ ያውቃል፣ ቄሱ ያውቃሉ፣ የአባትየውን ስም በጸሎት እንዳይጠሩት አስካለ ለምናቸዋለች። ሕሊና በግቢው ስታልፍ ሴቱ ሁሉ እያቀፈ ሳማት። አንዷ እጇን ይዛ አልለቅ አለች። አንድ አዛውንት ራሷን ዳበሷት፤ እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ልጅቷ ወደኔ መጥታ ምን አለችኝ መሰለሽ? «እትዬ ገኒ፣ ፒፕል ሪሊ ወደዱኝ እኮ! ፖስተሩ ነው መሰለኝ።»

ሐዘኑን አድናቆት መሰላት። ፈገግ አልኩ። የፈገግታ ሥራ ነው የያዝነው ሁላችንም።

አስካለ ቀይ ካፖርት ለብሳ ነበር። ስታስል ደረቷ ጋ ተከፈተ፤ ከሥሩ ጥቁር። ከላይ ለፖስተሩ፣ ከሥር ለሬሳው። አይታኝ ቁልፉን ቆለፈችው። እኔም እሷን መጥላት ፈልጌ አልሆነልኝም፣ ይህ ደግሞ የበለጠ አናደደኝ።

አባቷ ስልክ አያነሳም። ስልኩ ተበላሽቷል ብላታለች አስካለ። ሕሊና ግን በየቀኑ የድምፅ መልእክት ትልክለታለች። አንዱን አሰማችኝ፤ ምን እንደበላች ትነግረዋለች፣ ብርዱ እንደገባ፣ አንተ ደግሞ ሹራብህን ልበስ።

በቃኝ ለዛሬ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4። ማታ።

ዛሬ ሰውዬው መጣ። ሚስተር ሱሬሽ። የኩባንያው ወኪል፣ ቀጭን፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ። ሕሊናን በመስኮቱ ብርሃን አስቁሞ ፎቶ አነሳት፤ ፊቷን ሳይሆን ፀጉሩን። ከህንድ ያመጣውን ፊልም በኮምፒውተር አሳየን። እዚያ ሴቶች ተስለው፣ ስለታቸው ሲሰምር ወደ ቤተ መቅደስ ሄደው ፀጉራቸውን ይላጫሉ። አንዲት እናት ሕፃን ታቅፋ፣ ጭንቅላቷ ራቁቱን፣ ፊቷ ላይ ደስታ። ፀጉሩ ተጠርጎ በጆንያ ይሄዳል። ከዚያ ይታጠባል፣ ይደረደራል፣ እኔ ጋ ይመጣል። ለእኛ በሚታየው ማስታወቂያ ላይ ትርሲት ይህን ክፍል ቆርጣ ጥላዋለች። ሰው ያስጠላዋል አለች። ስንት ዓመት ሙሉ የሰው ስለት ስሰፋ ኖሬያለሁ? ማንም አልነገረኝ። እኔም አልጠየቅኩ።

ሰውዬውን ተከትዬ ወደ ፓርኪንጉ ወጣሁ። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ነገርኩት። አባቷ ሞቷል፣ አታውቅም፣ በእናንተ ውል ምክንያት ነው። በአገሬ ሴት ልጅ አባቷ ሲሞት ፀጉሯን ትቆርጣለች አልኩት፣ በጣቴ መቀስ እየሠራሁ። ይቆጣኛል ብዬ ጠብቄ ነበር።

መነጽሩን አወለቀ። እጆቹን ደረቱ ላይ ገጠመ። በእሱም አገር አባት ሲሞት ወንዱ ልጅ ይላጫል አለ፤ እሱም ለአባቱ ተላጭቷል። ውሉ ላይ የተጻፈው ለፋሽን ብላ እንዳትቆርጥ ነው፣ ስለ ሞት ማንም አልጠየቀውም፣ ቢጠየቅ እንቢ እንደማይል ነገረኝ። ዓይኑ እርጥብ ነበር። እውነቱን ነው፣ ፊቱን አይቻለሁ።

እኔ ሳላውቀው በልቤ ስንት ጊዜ ረግሜዋለሁ! አንድ ጥያቄ። አንድ ጥያቄ ብቻ ትርሲት ብትጠይቀው ኖሮ። ቀለል ብሎኝ ልተኛ ነው። ነገ ይነገራታል።

ዓርብ፣ ኅዳር 5። ምሳ ሰዓት፣ የሳሎኑ ጓዳ።

እርር ድብን ብያለሁ። እጄ ላይ ያለው እስክሪብቶ ይሰበራል።

ጠዋት ስገባ ትርሲት ትጮህብኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አልጮኸችም። ፈገግ ብላ ወንበር ሳበችልኝ። የትርሲት ፈገግታ ጥሩ ዜና ይዞ አያውቅም። ሱሬሽ ሌሊቱን ሲያስብ አድሮ ደውሎላታል። ታሪኩ ልቡን ነክቶታል። በጣም ነክቶታል! ስለዚህ እንዲህ ይሁን፦ ዘውዱ ይደፋላት፣ ከዚያ መብራቱ ይቀነስ፣ አክስቷ ጥቁር ለብሳ መድረክ ትውጣ፣ እዚያው ትንገራት። ካሜራው ይቅረጽ። ፀጉሯንም እዚያው ትቁረጥ፤ በህንድ እናቶች ስለትና በሀበሻ ልጅ ሐዘን መካከል ድልድይ ይሆናል። ቼናይ ላይ በትልቁ ስክሪን ይታያል። ዓለም ያለቅሳል።

ድልድይ አለችኝ። ትርሲት! ድልድይ!

አልሸሹም ዞር አሉ። ትናንት ፀጉሩ እንዳይቆረጥ ነበር ጭንቁ፤ ዛሬ በካሜራ ፊት ከተቆረጠ የበለጠ ይሸጣል። ያ ሰው ትናንት አልዋሸኝም፣ ይሄ ነው የሚያሳብደኝ። ከልቡ አዘነ፣ ከዚያ ሐዘኑን አይቶ ዋጋ አወጣለት።

«ልጅቷ በአባቷ መርዶ ትወድቃለች እንጂ ትተውናለች ብለሽ ነው ወይ?» አልኳት። ደንበኛ ሁሉ እየሰማ። ማበጠሪያውን ወርውሬ መስታወቱን መታሁት፣ አልተሰበረም፣ ጥሩ ዕቃ ነው። ትርሲት ድምፅዋን እንኳ አላነሳችም። ወንበሩ የኔ ነው ገኒ፣ ቆመሽ የምትሠሪበት ወለልም የኔ ነው አለች። ውጪ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ደንበኛ ጠራችኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 8።

አስካለ ተስማምታለች። ለመድረኩ። በሕዝብ መሀል ከሆነ ብቻዋን አትሆንም፣ መርዶ እኮ በሰው መሀል ነው የሚነገረው አለችኝ። እንዴት አድርገው እንዳስጠኗት! ቃሉ የኛው ነው፣ ነገሩ የኛ አይደለም። መርዶ በሰው መሀል የሚነገረው ሰው እንዲይዝሽ ነው። ትኬት የቆረጠ ሰው ተነስቶ አይይዝሽም፣ ስልኩን ነው የሚያነሳው።

እኔ ልንገራት? ማነኝና? መርዶ ዘመድ ነው የሚናገረው። እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ። ደመወዜ ከትርሲት፣ አገር ቤት የምልክላቸው እህቶቼ ከኔ። ቀኑን ሙሉ ይህን ስፈትል ዋልኩ። ቀኑን ሙሉ ፈሪ ነኝ የሚል መልስ መጣልኝ። ደህና እደሪ፣ ደብተሬ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11። ከምሽቱ 2 ሰዓት።

ጨርቄን ጥዬ ልሄድ ነው ዛሬ።

ለቅዳሜው ውድድር እንዲደምቅ አንዳንዱን መስመር ፈትቼ እንደገና ሰፋሁላት። ስትገባ አላዜመችም። ሁልጊዜ ታዜም ነበር። ምን ሆነሻል ብላት መጀመሪያ ምንም፣ ከዚያ እንባዋ ወረደ፣ ሜካፕ ሊበላሽ ነው ብላ ራሷን ተቆጣች።

አባቷ ተቆጥቷታል። እንዲህ ነው የምታስበው። ስልኩ ተበላሽቶ አይደለም፣ የቁንጅና ውድድር መግባቷን ሰምቶ፣ ያን ጀርባው ክፍት የሆነ ቀሚስ ያለበትን ፖስተር ሰው አሳይቶት ነው። ተምራ ነርስ እንድትሆን ነበር የሚፈልገው። አናንዴል የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ስትሠራ እንዴት ይኮራባት እንደነበር። አሁን አኩርፏል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ይቅርታ ስትለምነው ከርማለች። የላከችው ሁሉ ይቅርታ ነው፦ አባዬ ቀሚሱን እኔ አልመረጥኩትም። አባዬ ከቅዳሜ በኋላ ሁሉንም አቆማለሁ። አባዬ ደህና ሁን እንኳ በለኝ።

የሞተ ሰው ይቅር እንዲላት ትለምናለች። እኛ እያወቅን። እኔ እያወቅኩ፣ መርፌ ይዤ፣ ጭንቅላቷን በሁለት እጄ ይዤ። አባትሽ አልተቆጣሽም ልላት አፌን ከፈትኩ፤ እንዴት አወቅሽ ብትለኝስ? ዘጋሁት። ሰፋሁ። ጨረስኩ። ቆንጆ ሆነች። ሥራዬን ሳልወድ አሳምሬ ሠራሁት፣ እጅ የለመደውን አይተውም።

ለአባቷ ጃኬት ገዝታለች፣ አውጥታ አሳየችኝ። ሻንጣ ውስጥ ብትጠቀልለው ይጨማደዳል ወይ አለችኝ።

እግዚአብሔር ይይላችሁ። ይይለኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12። ሚካኤል። ማታ።

ወሰንኩ። ከእንግዲህ ጽፌ አላበርደውም።

አስካለን ደወልኩላት። አልጮህኩም። ልጅሽ አባቴ አኩርፎኛል ብላ እያለቀሰች ነው አልኳት። ይህን አታውቅም ነበር። ከሷም ደብቃዋለች፣ መደበቅ ከኛ ተምራለች። ነገ ሳይነጋ እመጣለሁ አልኳት፤ አንቺ ዘመድ ነሽ፣ አንቺ ንገሪያት። ካቃተሽ እኔ እነግራታለሁ። በሩን ካልከፈትሽልኝ ከደጅ ሆኜ እነግራታለሁ። ውድብሪጅ ቤቱ ሁሉ ይስማ። እከፍታለሁ፣ አለች።

ብርቄ ትነዳለች፣ የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ። ሽማግሌም ይዘናል፣ ባሏ። ለትርሲት ምንም አልተናገርኩም። ትድረስበት። አዳራሹ ተከራይቷል፣ ዳኞቹ ተጠርተዋል፣ ሱሬሽ ካሜራውን ተክሏል። ይትከል።

ፈርቻለሁ። ሥራዬን አይደለም የምፈራው። እሷን ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13። ከጠዋቱ 3 ሰዓት። ውድብሪጅ፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ።

ተነገራት።

ገና ጨለማ ነበር። አስካለ በሩን ከፈተች፣ ቀዩ ካፖርት የለም፣ ጥቁሩ ብቻ። ወደ ላይ ወጣን። ሕሊና ፀጉሩ እንዳይበላሽ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ነው ያደረችው። መብራቱ ሲበራ ፈገግ ልትል ጀመረች፣ ልንሸኛት የመጣን መስሏት። ከዚያ ነጠላችንን አየች። አዘቅዝቀነዋል። ማን ነው አለች። አስካለ ግድግዳውን ተደግፋ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። የብርቄ ባል ጀምሮ ተወው። እኔ ተናገርኩ። አባትሽ ናቸው፣ አልኩ።

ጩኸቷን አልጽፈውም።

ያዝናት። ሦስታችን ይዘናት አቃተን። ኋላ ጸጥ ስትል የጠየቀችው የመጀመሪያ ነገር መቼ የሚል ነበር። ነገርናት። በጣቷ ቆጠረች። የላከቻቸውን መልእክቶች እየቆጠረች እንደሆነ ገባኝ። «እና አልተቆጣኝም ነበር?» አለች። አልተቆጣሽም አልናት ሁላችንም በአንድ አፍ። ያኔ ነው በእውነት ያለቀሰችው። ያ ለቅሶ መልካም ነበር፣ ማንም አይቅረጸው እንጂ።

ጎረቤት መምጣት ጀምሯል። ስልኬ አያቆምም፣ ትርሲት፣ ትርሲት፣ ትርሲት። አንዴ አነሳሁት። ካንስል አድርጊው አልኳት። እብድ ነሽ አለች። ከእንግዲህ ሳሎኑ እንዳልመጣ ነገረችኝ። አልመጣም።

ፀጉሩ ይፈታ ተባለ። ሐዘንተኛ የሰው ፀጉር ለብሳ አትቀመጥም። እኔ ክሩ የት የት እንዳለ አውቃለሁና ተነሳሁ፣ ከኋላዋ ተንበረከክኩ። እጄ ገና ራሷን ሲነካ ዞር አለች። አየችኝ። ፊቷ ላይ አንድ ነገር ቀስ እያለ ሲደርስ አየሁት። በቤ/ክ ያቀፏት ሴቶች። ራሷን የዳበሱት አዛውንት። ሐሙስ።

ስትሠሪኝ ታውቂ ነበር ወይ አለችኝ። ለስለስ አድርጋ፣ እንደ ልጅ።

አዎ አልኳት።

ጃኬቱን ሳሳይሽም?

አዎ።

ራሷን ነቀነቀች። አልጮኸችም፣ አልሰደበችኝም፣ ብትሰድበኝ በወደድኩ። እጄን አንጓዬ ላይ ይዛ ከራሷ ላይ አነሳችው፣ ቀስ ብላ ጉልበቴ ላይ መለሰችልኝ።

«ሌላ ሰው ይፍታው» አለች።